ምዕራፍ ሰባት፦ ምግብ ዋስ የሆነለት ቤት

ባዝ የሚለው ስም ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ዘመን በስደት የተቀመጡት፣ የ«ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን የመጀመሪያ መጽሐፍ ያጻፉትም እዚያ ነው። የኖሩበት ፌርፊልድ ሐውስ ዛሬም ከመሀል ከተማው በስተምዕራብ ቆሞ ይገኛል። ባዝ ከእሳቸው በፊትም እንግዳ ስትቀበል የኖረች ከተማ ናት። ሮማውያን በፍል ውሃዋ ታጥበዋል፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን መኳንንት ለጤናም ለጨዋታም ይጎርፉባት ነበር። ለፍል ውሃ የመጣ ሰው መብላቱና መጠጣቱ አይቀርም። ስለዚህ እንግሊዛዊ ከቤቱ ወጥቶ ሲበላ ወዴት ይሄዳል፣ እንዴትስ ይስተናገዳል የሚለውን ለማየት ከባዝ መነሳት ጥሩ ነው። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከመሀል ከተማው ሽቅብ ሲወጡ፣ ቪንያርድስ በሚባለው መንገድ ዳር፣ ስታር ኢን የተባለ ፐብ አለ። ውስጡ በጠቆረ እንጨት የተለበጠ፣ በትንንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። ባስ የተባለውን ቢራ ከበርሜሉ ወደ ጆግ፣ ከጆጉ ወደ ብርጭቆ ይቀዱታል። እንዲህ ያለውን ቤት ያየ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገባዋል፤ ፐብ ሲሠራ የተሠራው ለመጠጥና ለወሬ ነው። ምግብ የመጣው ኋላ ነው፤ የመጣውም ለመጠጡ ዋስ ሆኖ ነው፤ በሕግ ፊት አንዴ፣ በዕዳ ፊት ደግሞ ሌላ ጊዜ። ይህን የያዘ አንባቢ በእንግሊዝ ፐብ ውስጥ ግራ የሚያጋባውን ነገር አብዛኛውን ይረዳዋል።

መጀመሪያ ግራ የሚያጋባው አስተናጋጅ አለመምጣቱ ነው። ፐብ ገብቶ ወንበር ይዞ የሚጠብቅ ሰው ሲጠብቅ ይውላል። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ጠረጴዛ ትይዛላችሁ፣ ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ታያላችሁ፣ ከመካከላችሁ አንዱ ወደ ባንኮኒው ሄዶ ምግቡንም መጠጡንም ያዝዛል፣ ቁጥሩን ይናገራል፣ እዚያው ይከፍላል። መጠጡን ራሱ ተሸክሞ ይመለሳል፤ ምግቡን ግን ያመጡለታል። ባንኮኒው ፊት በኋላና በፊት የተሰለፈ ሰው ላታዩ ትችላላችሁ፤ ሁሉም ጎን ለጎን ቆሞ ነው የሚጠብቀው። ሆኖም ማን ከማን ቀድሞ እንደመጣ ቀጂውም ጠጪዎቹም ያውቃሉ። ተራው ያልደረሰ ሰው ቀጂው ሲጠይቀው «እሳቸው ይቀድሙኛል» ብሎ ወደ ጎረቤቱ ያመለክታል። ይህን ማድረግ በማያውቁት ከተማ ውስጥ ክብርን በአንድ ጊዜ ያስገኛል። ጣት ማጮህና ገንዘብ ማውለብለብ ደግሞ ያንኑ ያህል ያስጠላል።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ባንኮኒው የቤቱ ልብ መሆኑ ነው። ጥንት ቢራ የሚሸጠው በጠማቂው መኖሪያ ቤት ነበር፤ ጠጪው ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ፣ ቢራው ከጓዳ እየመጣለት ይጠጣ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቢራን ከምድር ቤት በርሜል ወደ ላይ የሚስብ የእጅ ፓምፕ መጣ፤ ጆሴፍ ብራማ በ1797 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ፓምፑ ባለበት ቦታ ሻጩ ይቆማል፣ ሻጩ በቆመበት ገዢው ይመጣል። ዛሬም ረጅም እጀታ ያለው ፓምፕ ባንኮኒው ላይ ተደርድሮ ካያችሁ፣ ከሥሩ ባለው በርሜል ውስጥ ገና መፍላቱን ያልጨረሰ ቢራ አለ ማለት ነው። እንደ ጓዳ ቀዝቀዝ ብሎ እንጂ እንደ በረዶ ሆኖ አይቀርብም። በ1970ዎቹ መግቢያ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ይህን ቢራ በጋዝ በሚገፋ ድራፍት ሊተኩት ሲነሱ፣ በ1971 ካምራ የተባለ የጠጪዎች ማኅበር ተቋቁሞ ተከራከረ፤ ብዙውን ክርክር ረታ። መለኪያው ፓይንት ነው፣ 568 ሚሊ ሊትር። ግማሹን ማዘዝም ይቻላል፤ ማንም አይታዘባችሁም። ሻይ፣ ቡና ወይም ለስላሳ ብቻ የሚጠጣም ሰው ሙሉ እንግዳ ነው። አልኮል በሚሸጥበት ቤት የቧንቧ ውሃ ለጠየቀ ሰው በነጻ መስጠት ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ዋስትናው እንግባ። በ1830 የወጣው የቢራ ቤት ሕግ ሁለት ጊኒ (የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ገንዘብ) ከፍሎ ፈቃድ ለያዘ ቤተሰብ ሁሉ ቢራ የመጥመቅና የመሸጥ መብት ሰጠ። የሕጉ ሐሳብ ሕዝቡ ከጂን ወደ ቢራ እንዲዞር ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቢራ ቤቶች ተከፈቱ። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የተከፈተውን በር መልሶ ለመግፋት የተደረገ ረጅም ትግል ነው። ትግሉ የጠነከረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነበር፤ መንግሥት የጥይት ፋብሪካ ሠራተኞች ሰክረው ሥራ እንዳያበላሹ ሰጋ። የመሸጫው ሰዓት ተቆረጠ፤ ከሰዓት በኋላ ቤቱ እንዲዘጋ ተደረገ። በ1915 ደግሞ ሰው ለሰው መጠጥ መጋበዝ ተከለከለ። ይህ ክልከላ አንድ ቀዳዳ ነበረው፤ መጠጡ ከምግብ ጋር ከታዘዘና ምግቡን የሚከፍለው ሰው መጠጡንም ከከፈለ ተፈቅዷል። ሳህኑ መጠጡን ከወንጀል አዳነው።

በካርላይል ከተማ መንግሥት ከዚህም አልፎ ሄደ። አጠገቡ በግሬትና ግዙፍ የፈንጂ ፋብሪካ ስለነበረ፣ በ1916 የአካባቢውን ጠማቂዎችና ፐቦች ገዝቶ ራሱ ያስተዳድር ጀመር። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው ግሬትና ታቨርን የተከፈተው በቀድሞ ፖስታ ቤት ውስጥ ነው፤ ዋናው አሳቡ ሠራተኛው ሲጠጣ እየበላ እንዲጠጣ ማድረግ ነበር። የመንግሥት ፐቦቹ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ቆዩ። እኔ በእንግሊዝ የምግብ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ ፐብ ውስጥ ትኩስ ምግብ እንዲኖር መጀመሪያ አጥብቆ የፈለገው ጠጪው ሳይሆን መንግሥት ነው።

የከሰዓቱ መዘጋት ጦርነቱ ካለቀ በኋላም ቀጠለ። በአዘቦት ቀን ቀኑን ሙሉ መክፈት የተፈቀደው በ1988 ነው፣ እሑድ ቀን ደግሞ በ1995። ሕጉ ቢነሳም ልማዱ ወጥ ቤት ውስጥ ቀርቷል። በብዙ ከተሞች የፐብ ወጥ ቤት ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ይዘጋና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ ባንኮኒው እስከ እኩለ ሌሊት ቢሸጥም ወጥ ቤቱ ሦስት ሰዓት ላይ እሳቱን ያጠፋል። (እነዚህ ሰዓቶች እንደ አገራችን አቆጣጠር ናቸው።) በር ላይ ሰዎች ሲገቡ ሲወጡ አይቶ ምግብ አለ ብሎ የገባ ተርቦ ሊያድር ይችላል። ከመቀመጥ በፊት «ምግብ እስከ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ምግቡ ራሱ ለረጅም ጊዜ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ጆርጅ ኦርዌል በ1946 ስለሚመኘው ፐብ በጋዜጣ ሲጽፍ፣ በዚያ በምኞቱ ቤት ውስጥ እንኳ እራት አይገኝም ነበር። ባንኮኒው አጠገብ የጉበት ቋሊማ ሳንድዊች፣ የባሕር ዛጎል፣ ቺዝና በአቼቶ የተዘፈዘፈ አትክልት ይሸጣል፤ ምሳ ፎቅ ላይ በሦስት ሽልንግ ይበላል። ከዚያ የተሻለ ተመኝቶ አላየንም። ዛሬ የጥንት የገበሬ ምሳ እየተባለ በብዙ ፐብ የሚቀርበው የቺዝ፣ የዳቦና የሽንኩርት ሳህንም በዚያ ስሙ የተስፋፋው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ነው። ቺዝ ለመሸጥ የፈለጉ የወተት ነጋዴዎች ማስታወቂያ ነው ያስፋፋው። ቺዝ ከዳቦና ከቢራ ጋር መብላቱ ግን እውነተኛ የቆየ ልማድ ነው።

ለውጡ ከባዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ከብሪስቶል ተነሳ። ፍራንክና አልዶ በርኒ የተባሉ ጣሊያናዊ ወንድማማቾች በ1955 ሩመር የተባለውን ጥንታዊ መጠጥ ቤት ይዘው ጥቂት ዓይነት ምግብ ብቻ ያለው ሜኑ አወጡ፦ ስቴክ፣ የድንች ጥብስ፣ አተር፣ ከዚያም ጣፋጭ። ዋጋው ተራው ሠራተኛ ሚስቱን ይዞ የሚገባበት ነበር። ምግብ ቤት ገብቶ የማያውቅ፣ የትኛውን ሹካ ላንሳ ብሎ የሚሳቀቅ ትውልድ በበርኒ ቤቶች ነው ከቤት ውጭ መብላት የተማረው። እንግሊዛዊ የምግብ ጸሐፊዎች ይህን ሜኑ ሲያናንቁት መኖራቸው ተገቢ አይመስለኝም። በር የከፈተ ሰው ምስጋና ይገባዋል።

ከዚያ ወዲህ ፐቦቹን ወደ ምግብ የገፋቸው ዕዳ ነው። በ1967 የአሽከርካሪ ትንፋሽ መመርመሪያ መጣ፤ በመኪና ካልሆነ የማይደረስባቸው የገጠር ፐቦች ጠጪያቸውን አጡ። ሱፐርማርኬት ቢራን በርካሽ መሸጥ ጀመረ። በ1989 መንግሥት ከ2,000 በላይ ፐብ የያዙ የቢራ ፋብሪካዎች ከዚያ በላይ ካላቸው ግማሹን ከግዴታ ነጻ እንዲያደርጉ አዘዘ። ግዴታው ተከራዩ ቢራውን ከባለቤቱ ፋብሪካ ብቻ እንዲገዛ የሚያስገድደው ውል ነው። ሐሳቡ ፉክክር ለመፍጠር ነበር። ፋብሪካዎቹ ግን ቤቶቹን በጅምላ ሸጡ፤ ከማይጠምቁ፣ ከኪራይና ከቢራ ሽያጭ ብቻ ከሚያተርፉ ኩባንያዎች እጅ ገቡ። ዛሬ የምታዩት የፐብ ባለቤት የሚመስል ሰው በብዙ ቦታ ተከራይ ነው፤ ቢራውን ከገበያ ዋጋ በላይ እየገዛ የሚሸጥ ተከራይ። ከቢራው ብዙ ካላተረፈ ከምን ይኑር? በውሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያልታሰረው ነገር ምግብ ነው። በሐምሌ 2007 በቤት ውስጥ ማጨስ ሲከለከል ብዙ የድሮ ደንበኛ ቀረ፤ ጭሱ ሲጠፋ ግን ሕፃናት ያሏቸው ቤተሰቦች ገቡ። እነሱ የሚመጡት ለመብላት ነው።

በ1991 በለንደን ክላርከንዌል ማይክ ቤልበንና ዴቪድ አይር የተባሉ ሁለት ሰዎች ኢግል የተባለ የተጎሳቆለ ፐብ ተከራይተው ምድጃውን ባንኮኒው ላይ ተከሉ። የዕለቱን ምግብ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ጻፉ፤ የጠረጴዛ ልብስ የለም፣ ቦታ ማስያዝ የለም፣ ወንበሮቹ አይመሳሰሉም፤ ምግቡ ግን ጥሩ ነበር። ከዚህ ቤት በኋላ «ጋስትሮፐብ» የሚባለው ዓይነት በመላ አገሪቱ ተዛመተ። ዛሬ በየከተማው የምናየው የጠመኔ ሰሌዳ ብዙው የኢግል ልጅ ነው።

ፐብ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የመብላት ዕድል ያለው ሰው እሑድ ምሳ ይብላ እላለሁ። የእሑድ ጥብስ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚበላ ምግብ ነበር፤ ሥጋው ጠዋት ኦቨን ውስጥ ይገባና ቤተሰቡ ሲመለስ ይደርሳል። አሁን ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰው ጥቂት ነው፤ ምሳው ግን ሰዓቱን አልለቀቀም። ሳህኑ ላይ ስስ ሆኖ የተቆረጠ የበሬ፣ የበግ፣ የአሳማ ወይም የዶሮ ሥጋ ይቀመጣል። በስብ ተጠብሶ ውጪው የደረቀ፣ ውስጡ የለሰለሰ ድንች፣ ካሮት፣ ጎመን፣ አንዳንዴም በቺዝ የተጋገረ አበባ ጎመን ይከተላል። በሁሉም ላይ ከሥጋው ጭማቂ የተሠራ ግሬቪ ይፈስበታል። በጎን ለበሬው የሚሰነፍጥ የፈረስ ፍጁል ማባያ፣ ለበጉ የናና ማባያ አለ። ዮርክሻየር ፑዲንግ የሚሉት የተነፋ ነገር ጣፋጭ አይደለም፤ ከዱቄት፣ ከእንቁላልና ከወተት ተመትቶ በጋለ ስብ የተጋገረ ነው። ድሮ በግሬቪ ብቻ ቀድሞ ይበላ ነበር፤ ሆድን ይዞ ጥቂቱ ሥጋ ለብዙ ሰው እንዲበቃ። ዛሬ ያው የድህነት ብልሃት የሳህኑ ጌጥ ሆኗል። ጥሩ ቤት ለእሑድ ቦታ ካላስያዙ አይገኝም። ዘግይቶ የደረሰ ሰው ደግሞ የበሬው ሥጋ እንዳለቀ ይነገረዋል፤ ይህ የጥሩ ቤት ምልክት ነው፣ ለዕለቱ የተጠበሰው ለዕለቱ ያልቃልና።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰው ልዩ ጥንቃቄ አለ። አሳማ በእንግሊዝ ፐብ ምግብ ውስጥ ባልጠረጠሩት ቦታ ሁሉ ይገባል። ቋሊማ ካልተለየ በቀር የአሳማ ነው። ከቢራ ጋር በትንሽ ከረጢት የሚሸጠው የሚንኮሻኮሽ ነገር ብዙ ጊዜ የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ ነው። ስኮች ኤግ የሚባለው እንቁላል በአሳማ ሥጋ ተጠቅልሎ የተጠበሰ ነው። ጋመን ማለት የአሳማ ጭን ነው። ለሚጾም ሰው ደግሞ «ቬጀቴሪያን» የሚለው ምልክት አያስተማምንም፤ እንቁላልና ወተት ይፈቅዳል። የጾም የሚሆነው «ቪጋን» የተባለው ነው። ድንቹም በበሬ ሞራ ወይም በዝይ ስብ ተጠብሶ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ በሰሜን እንግሊዝ የዓሣና ድንች ቤቶች ሞራ የኩራት ምልክት ነው። በምን ዘይት እንደሚጠብሱ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሕጉ ራሱ ይደግፋችኋል፤ እያንዳንዱ ምግብ ሻጭ ሰው ሊያሳምሙ ከሚችሉ 14 ነገሮች የትኛው በምግቡ ውስጥ እንዳለ የመናገር ግዴታ አለበት፣ ወተትና እንቁላልም ከነሱ መካከል ናቸው። ስለዚህ ቀጂው ጥያቄውን ለምዶታል፣ መልሱን ካላወቀ ወጥ ቤት ገብቶ ይጠይቃል።

ስለ ዓሣና ድንች ካነሳን፣ ዓርብ ቀን ሰልፉ የሚረዝመው ያለ ምክንያት አይደለም። ዓርብን ከሥጋ የመከልከል የክርስቲያን ሥርዓት ከብዙ እንግሊዛውያን ሕይወት ወጥቷል፤ ዓሣው ግን ቀርቷል። በዱቄት ተለውሶ የሚጠበሰውን ዓሣ ያመጡት ከስፔንና ከፖርቱጋል ተሰደው የመጡ አይሁድ ናቸው። ከድንች ጋር የተገናኘው በ1860ዎቹ አካባቢ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሥጋና ቅቤ በራሽን ሲታደል ዓሣና ድንች ራሽን አልገባበትም።

ከፐብ ውጭ ያሉት ተራ ምግብ ቤቶች ደግሞ አብዛኞቹ የመጤ ሥራ ናቸው። የሕንድ ምግብ ቤት የሚባለው በብዙ ከተማ ባለቤቱ ከባንግላዴሽ፣ በተለይም ከሲልሄት የመጣ ቤተሰብ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮቢን ኩክ በ2001 ባደረጉት ንግግር ቺክን ቲካ ማሳላን እውነተኛ የብሪታንያ ብሔራዊ ምግብ ብለውት ነበር። ፒዛ ኤክስፕረስን በ1965 በሶሆ የከፈተው ፒተር ቦይዞት ነው። ናንዶስ የተባለው የዶሮ ምግብ ቤት በ1987 በጆሃንስበርግ ተወልዶ በ1992 እንግሊዝ ገባ። በእነዚህ ቤቶች አስተናጋጅ ወደ ጠረጴዛ ከመጣ፣ ሂሳቡ ላይ ብዙ ጊዜ 12.5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮ ይገኛል። ግዴታ አይደለም፤ አገልግሎቱ ያላረካው ሰው አንሱልኝ ማለት ይችላል። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ አሠሪው ከዚህ ገንዘብ ምንም ሳይቆርጥ ለሠራተኞቹ እንዲያከፋፍል ያስገድደዋል። በፐብ ባንኮኒ ግን ጉርሻ አይጠበቅም። የቤቱን ንጽሕና ለማወቅ መስኮቱ ላይ ከ0 እስከ 5 የሚል አረንጓዴ ምልክት ፈልጉ። በእንግሊዝ መለጠፉ በፈቃድ ስለሆነ፣ ያልለጠፈ ቤት ምክንያት ሊኖረው ይችላል።

ግብዣን በተመለከተ፣ በፐብ ውስጥ አንድ ሰው ለሁሉም ከፍሎ አይጨርስም፤ በየተራ ነው። አንዱ ለጠረጴዛው ሁሉ ይገዛል፣ ሲያልቅ ሌላው ይነሳል። «ዛሬ ሁሉም በእኔ» ማለት ለኛ ቸርነት ነው፤ እነሱን ግን የመመለስ ዕድል ስለሚነፍጋቸው ያሳቅቃቸዋል። ተራውን ዘሎ ወደ ቤቱ የሄደን ሰው ደግሞ ለዓመታት ያስታውሱታል።

ዋስትናው በ2020 በአገር ፊት እንደገና ታየ። በነሐሴ ወር መንግሥት ከሰኞ እስከ ረቡዕ ለሚበላ ሰው የምግቡን ግማሽ ዋጋ፣ ለአንድ ሰው እስከ 10 ፓውንድ ድረስ፣ ሸፈነ፤ አልኮልን ግን አልነካም። የኮቪድ ወረርሽኝ ሲብስ በብዙ አካባቢ ፐብ መጠጥ መሸጥ የሚችለው «በቂ ምግብ» ካቀረበ ብቻ ሆነ። በቂ ምግብ ምንድን ነው? ሚኒስትር ጆርጅ ዩስቲስ አንድ ስኮች ኤግ ሊበቃ ይችላል አሉ፤ አገሪቱ ቀናት ሙሉ በእንቁላል ተከራከረች። ክርክሩ ከ1915ቱ ክልከላ ጋር አንድ ሐረግ ነው። ዛሬም በእንግሊዝ ሕግ የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጅ ከአዋቂ ጋር ተቀምጦ ምግብ ከበላ፣ አዋቂው የገዛለትን ቢራ ወይም ወይን መጠጣት ይፈቀድለታል። ያለ ምግብ ግን አይፈቀድለትም።

ምግብ ግን ሁሉንም ቤት አላዳነም። በ2000 ገደማ በብሪታንያ 60 ሺህ የሚሆኑ ፐቦች ነበሩ፤ ዛሬ 45 ሺህ አካባቢ ቀርተዋል። ኪራይ፣ ግብር፣ የጋዝና የመብራት ዋጋ ከሳህኑ ትርፍ ይቀድማሉ። ቦታው ለመኖሪያ አፓርታማ ሲሸጥ ከቢራም ከጥብስም የበለጠ ያወጣል። በዚህ ጊዜ ዋስ የሚሆነው ሰፈሩ ራሱ ነው። በ2011 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ቢያንስ 21 ነዋሪዎች ተሰባስበው አንድ ፐብ የማኅበረሰብ ሀብት ተብሎ እንዲመዘገብ ለከተማው ምክር ቤት እንዲያመለክቱ ይፈቅዳል። ከተመዘገበ፣ ባለቤቱ ለመሸጥ ሲነሳ ነዋሪዎቹ ገንዘብ እንዲያሰባስቡ እስከ ስድስት ወር ድረስ ሽያጩ ሊቆም ይችላል። ባለቤቱ ለነሱ የመሸጥ ግዴታ የለበትም፤ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጣቸው። ከ2017 ወዲህ ደግሞ ፐብን ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ማፍረስ ወይም ወደ ሱቅ መለወጥ አይቻልም።

በባዝ ዎልኮት ስትሪት ላይ ቤል ኢን የተባለ ፐብ አለ፤ በሳምንት ውስጥ ደጋግሞ የቀጥታ ሙዚቃ የሚሰማበት። በ2013 ለሽያጭ ሲቀርብ ደንበኞቹና ሠራተኞቹ ከ500 በላይ ሆነው፣ ገንዘብ አዋጥተው በኅብረት ሥራ ማኅበር ገዙት። ሙዚቃው ዛሬም አልተቋረጠም። የአንዱ ባለድርሻ ድምፅ ብዙ ካዋጣውም ሆነ ጥቂት ካዋጣው እኩል ነው።